ገድል፣ ምስክርነትና የጽሕፈት ቤት ደብዳቤ፦ የቄስ ጉዲና ቱምሳ ሕይወት አተራረክ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቄስ ጉዲና ቱምሳን የሕይወት ታሪክ እንደገና መጻፍ አይደለም። ያንን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ አጥኚዎች ሲሠሩበት ቆይተዋል፤ ወደፊትም ይሠሩበታል። እኔ ላነሣ የምፈልገው የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ ነው፤ ይህ ሕይወት ሲተረክ በምን ዓይነት ቅርጽ ይተረካል? ተራኪዎቹስ የሚመርጡትንና የሚጥሉትን የሚወስኑት በምን ሥርዓት ነው? የሕይወት ታሪክ በትምህርት ክፍላችን እንደ ልብ ወለድና እንደ ግጥም የክብር ወንበር ያገኘ ዘርፍ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ‹‹የሕይወት ታሪክ›› የተሰኘውን መጽሐፋቸውን በ1915 ዓ.ም. ካሳተሙ ወዲህ ዘርፉ ዕድሜ አግኝቷል፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላም የትዝታና የግለ ታሪክ መጻሕፍት የመጻሕፍት መደብሮችን ሞልተውታል። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ‹‹ታሪክ ነው›› እያልን ለታሪክ ክፍል እንተዋቸዋለን። ‹‹የተረከው ማን ነው? በማን አንደበት? ለየትኛው ጆሮ?›› የሚለው ጥያቄ ግን የታሪክ ክፍል ጥያቄ አይደለም፤ የእኛ ነው።

አጽመ ታሪኩ አጭር ነው። ቄስ ጉዲና በ1929 እ.ኤ.አ. በወለጋ፣ ቦጂ ተወለዱ። በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በወጣትነታቸው በነቀምቴ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ረዳት ሆነው ሠሩ። ወይዘሮ ጸሐይ ቶሎሳን አገቡ። በ1958 እ.ኤ.አ. የቅስና ማዕርግ ተቀበሉ። ከ1963 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ሚኔሶታ፣ በሉተር ሴሚናሪ ነገረ መለኮት አጥንተው ሲመለሱ በ1951 ዓ.ም. የተቋቋመችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በዚሁ ወንበር ቆዩ። በ1971 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈቱ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ኡራኤል ባለችው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አስተምረው ሲወጡ ከባለቤታቸው ጋር ታፈኑ። ወይዘሮ ጸሐይ በዚያው ሌሊት ተለቀቁ፤ እርሳቸው ተገደሉ። ዐፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ቀብራቸውም በሰኔ 1984 ዓ.ም. ተፈጸመ።

ይህን አጽም ሥጋ አልብሰው የሚተርኩልን ሦስት ዓይነት ጽሑፎችና ንግግሮች አሉ። አንደኛው በመታሰቢያ ጉባኤዎች የሚሰማውና በመጽሔቶች የሚወጣው የምእመናን ትረካ ነው። ሁለተኛው የወይዘሮ ጸሐይ ቃል ነው፤ ይህም ኖርዌያዊቷ አውድ ሴቬሮስ ተቀብላ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ባወጣችው መጽሐፍ ይገኛል። ሦስተኛው የራሳቸው የቄስ ጉዲና ጽሑፎች ናቸው፤ ደብዳቤዎች፣ የውስጥ ማስታወሻዎችና አጫጭር ጥናቶች፤ እነዚህም ተሰብስበው በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ታትመዋል። የኦይቪንድ ኤይደን የመሰሉ የምሁራን ጥናቶችም አሉ፤ እነርሱ ግን በትረካ ሳይሆን በትንተና ስለሚሄዱ እዚህ አልገባባቸውም።

ከመጀመሪያው ልነሣ። ለሁለተኛ ዲግሪ ያቀረብኩት ጥናት በሰማዕታት ገድል አወቃቀር ላይ ስለነበር ጆሮዬ ለዚህ ቅርጽ ቀና ነው፤ ሌላ ሰው የማይሰማውን እሰማ ይሆናል። የሰማዕት ገድል የታወቀ መንገድ አለው። ሰማዕቱ ከደግ ዘር ይወለዳል፤ ከሕፃንነቱ ምልክት ይታይበታል፤ ጥሪ ይመጣለታል፤ በንጉሥ ፊት ይቆማል፤ ንጉሡ መጀመሪያ ያባብለዋል፣ ሹመትና ሀብት ያቀርብለታል፤ ሰማዕቱ እምቢ ይላል፤ ይሠቃያል፤ ይገደላል፤ ሥጋው ይሰወራል፤ በመጨረሻም ዐፅሙ ተገኝቶ በክብር ይፈልሳል። በምእመናን አንደበት የሚሰማው የቄስ ጉዲና ታሪክ በዚሁ መንገድ ይሄዳል ማለት ይቻላል። የቦጂው ልጅ ብልህነት፣ የአገልግሎት ጥሪ፣ በባለሥልጣኖች ፊት መቆም፣ ከአገር የመውጣት ዕድል፣ እምቢታ፣ አፈና፣ ሞት፣ የዐፅም መገኘት። ተራኪው ሚኔሶታ ላይ ሦስት ዓመት አይቆይም፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘሎት ያልፋል። ገድል ሴሚናሪ የሚባል ነገር አያውቅምና።

እዚህ ላይ የሚያስገርመው ተራኪዎቹ ፕሮቴስታንቶች መሆናቸው ነው። የወንጌላውያን አማኞች የቅዱሳንን አማላጅነት አይቀበሉም፤ ገድልና ተአምር በአምልኳቸው ውስጥ ቦታ የላቸውም። ታዲያ ቅርጹ ከየት ገባ? የእኔ መልስ፣ ቅርጽ ሃይማኖት አይጠይቅም የሚል ነው። አንድ ሕዝብ ለመቶዎች ዓመታት ስለ ታላቅ ሰው ሞት ሲሰማ የኖረው በአንድ ዓይነት አተራረክ ከሆነ፣ እምነቱን ቢለውጥም ጆሮውን አብሮ አይለውጥም። ደግሞም የወለጋ ወንጌላውያን ታሪክ ከኦርቶዶክሱ ዓለም በግንብ ተለይቶ የተጀመረ አይደለም። ለቄስ ጉዲና የትውልድ ቀዬ ለቦጂ በ1898 እ.ኤ.አ. ወንጌል ይዘው ከደረሱት ቀደምት አገልጋዮች አንዱ ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል ናቸው፤ ስማቸው ራሱ ምን ዓይነት ቤት እንዳሳደጋቸው ይናገራል።

የቅርጹ ውርስ በራሱ ነውር የለበትም። ነገር ግን የሚያስከፍለው ዋጋ አለ፤ የመጀመሪያውም ዋጋ የተቃራኒው ገጸ ባሕርይ መሟሸሽ ነው። በገድለ ጊዮርጊስ ዱድያኖስ ክፉ ነው፤ ክፉ ሆኖ ይመጣል፣ ክፉ ሆኖ ይሄዳል፤ ለምን ክፉ እንደ ሆነ ማንም አይጠይቅም። በመታሰቢያው ትረካ ውስጥ ደርግ ዱድያኖስ ነው። የታሪኩ ውስብስብ ክፍል ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ታኅሣሥ 11 ቀን 1967 ዓ.ም. ኅብረተሰባዊነት ሲታወጅ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ይሁን ሲባል፣ ከመካነ ኢየሱስ ምእመናን አብዛኞቹ ገበሬዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም የሰው መሬት የሚያርሱ ጢሰኞች። ያ ዓመት ለእነርሱ የመከራ መጀመሪያ አልነበረም፤ የተስፋ ዓመት ነበር። በዚያው ዓመት አጋማሽ ቤተ ክርስቲያኒቱ ያወጣችው የአብዮት ጊዜ መልእክት የፍትሕንና የእኩልነትን ጥያቄ በደስታ ይቀበላል፤ ሆኖም የትኛውም ርዕዮተ ዓለም የመጨረሻ እውነት ተደርጎ ሊያዝ እንደማይችል በዚያው ትንፋሽ ያሳስባል። ‹‹አዎን፣ ነገር ግን›› የሚል ድምፅ ነው። ገድል ግን ‹‹አዎን፣ ነገር ግን›› የሚል ሰማዕት አያውቅም። ስለዚህ ያ መልእክት በትረካው ውስጥ ሲነሣ ‹‹ነገር ግን›› የሚለው ብቻ ይነሣል፤ ‹‹አዎን›› ይቀራል። በዚህም ቄስ ጉዲና ተስፋ አድርገው የነበሩ ሰው መሆናቸው ይጠፋል፤ ያዘኑትም ተስፋ ስለ ነበራቸው መሆኑ አብሮ ይጠፋል።

ይህን ሐሳብ በክፍል ሳቀርብ አንዲት ተማሪ በገመድ የታነቀን ሰው ታሪክ በመዋቅር መተንተን ድፍረት አይደለም ወይ ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ለእርሷ የሰጠሁትን መልስ እዚህም እደግመዋለሁ፤ የተገደለን ሰው ታሪክ ቅርጹን ሳንጠይቅ ብንቀበለው፣ ገዳዮቹ ካጠፉት አካል ሌላ እኛ ደግሞ አሳቡን እናጠፋለን። እርሷ በመልሱ አልረካችም፤ ያለመርካቷንም አከብራለሁ።

አሁን ወደ ጽሑፎቹ ልምጣ፤ ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ያለው እዚህ ነው። ቄስ ጉዲና መጽሐፍ አልጻፉም። የጻፉት የጽሕፈት ቤት ሰው የሚጽፈውን ነው። በግንቦት 1964 ዓ.ም. መካነ ኢየሱስ ጄኔቫ ለሚገኘው ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ስለ ወንጌል ስብከትና ስለ ሰው ልጅ ልማት ትስስር የላከችው ደብዳቤ ከእነዚህ ሁሉ የታወቀው ነው። ደብዳቤው የቤተ ክርስቲያኒቱ ነው፤ የዋና ጸሐፊው እጅ ግን በግልጽ ይታያል። ይዘቱ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ የምዕራቡ ዓለም ለጋሾች ለልማት ሥራ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ፣ ለውኃ ጉድጓድ። ለወንጌል ሥራ ግን እጃቸው ያጥራል። በዚህም ሰውን ለሁለት ከፍለውታል። ይህን ክፍፍል ያመጣው የሰጪው ዓለም አስተሳሰብ እንጂ የተቀባዩ ችግር አይደለም።

የደብዳቤውን አጻጻፍ ሁኔታ እንመልከት። ጸሐፊዋ ድኻ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በጀቷ በአመዛኙ ከባሕር ማዶ የሚመጣ። አንባቢዋ ሰጪው ነው። ሁላችንም እንደምናውቀው ለሰጪ የሚጻፍ ደብዳቤ የራሱ ዘይቤ አለው፤ ምስጋና በመግቢያው፣ ችግር በመኻል፣ ልመና በመጨረሻው። ይህ ደብዳቤ ያንን ሥርዓት ይገለብጠዋል። ተቀባዩ ሰጪውን ይመረምራል። ‹‹እናንተ ያደጋችሁ ናችሁን? ዕድገትስ ማለት ምንድን ነው?›› እስከማለት ይደርሳል፤ ያውም ድምፁን ሳያነሣ፣ በጨዋ የቢሮ ቋንቋ። በአገራችን የቅኔ መምህራን ሰምና ወርቅ የሚሉት ዓይነት አይደለም፤ የተደበቀ ነገር የለውም። ይልቁንስ በሸንጎ የቆመ ተሟጋች ‹‹በላ ልበልሃ›› ሲል ያለው ዓይነት ነው፤ ባላጋራውን እያከበረ በጥያቄ ያስይዘዋል። ውጤቱም የሙግት ውጤት ሆኖ በጥቅምት 1974 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ላይ በዚሁ ጉዳይ ዓለም አቀፍ ምክክር ተደረገ። አንድ የጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይህን ያህል መንገድ ሲሄድ ብዙ አላየሁም።

ደብዳቤው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ዋና ሐሳቡን የያዘው ቃል በአማርኛ ‹‹ሁለንተናዊ›› ተብሎ በቤተ ክርስቲያኒቱ ንግግር ውስጥ ገብቷል፤ ‹‹ሁለንተናዊ አገልግሎት›› ይባላል። ይህ ቃል ጥቂት እንድንቆይበት ይገባል። ዛሬ ‹‹ሁለንተናዊ›› ስንል ጆሮአችን የሚሰማው የሪፖርት ቋንቋ ነው፤ ሁለንተናዊ ዕድገት፣ ሁለንተናዊ ትብብር፤ ሁሉን የሚያካትት ለማለት፣ አብዛኛውንም ጊዜ ምንም ላለማለት። ነገር ግን ቅጽሉ ከተገኘበት ስም ጋር ሲመዘን ሌላ ነው። አሮጊት እናት ‹‹ሁለንተናዬን ይቆረጥመኛል›› ስትል ሁለንተና ሥጋ ነው፣ አጥንት ነው፣ ነፍስም ያለበት ነው፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ያለው ሰውነት ነው። ‹‹ሁለንተናው ተለወጠ›› ስንል ደግሞ ጠባዩንም መልኩንም ማለታችን ነው። ሥጋን ከነፍስ የሚለይ ክፍፍል በቃሉ ውስጥ የለም። እንግሊዝኛው በትንተና ለማስረዳት የሚደክምበትን አማርኛው በአንድ የቁርጥማት ስሞታ ይገልጸዋል። በነቀምቴ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ረዳት የነበረ ሰው ይህን ሐሳብ ያገኘው ሚኔሶታ ነው ወይስ የቆሰለ ሰው ጠረጴዛ ላይ ሲጋደም እያየ? እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ፤ ሕይወታቸውን የሚጽፍም ሰው በዚያ ክፍል ቸኩሎ ባያልፍ ደስ ይለኛል።

በ1967 ዓ.ም. ክረምት ለቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት ለአቶ አማኑኤል አብርሃም የጻፉት ማስታወሻ ከደብዳቤው ይልቅ ለሥነ ጽሑፍ ሰው የሚመች ነው፤ እዚህ ‹‹እኛ›› የሚለው የተቋም ድምፅ ቀርቶ አንድ ሰው ለአንድ ሰው ይጽፋል። የተቀባዩን ሁኔታ እናስብ። አቶ አማኑኤል የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሚኒስትር የነበሩ፣ በአብዮቱ ዋዜማ ከሌሎች ባለሥልጣኖች ጋር ታስረው የተፈቱ ሰው ናቸው። የራሳቸውን ትዝታ በ1995 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ አሳትመዋል፤ ጥንቁቅ፣ ሥርዓት ያለው፣ ዲፕሎማት የጻፈው መጽሐፍ ነው። ለእኚህ ሰው የሥራ ባልደረባቸው የሚጽፉት የማጽናኛ ቃል ወይም የምስጋና ደብዳቤ አይደለም፤ የጥያቄ ዝርዝር ነው። ቤተ ክርስቲያን በሶሻሊስት አገር ምን ትሆናለች? የውጭ ገንዘብና የውጭ ሰው ቢቀር ቆማ ትሄዳለችን? አፍሪካዊ የሆነ ነገረ መለኮት የምንለው ምንድን ነው? በዚያን ዘመን በአፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ‹‹ሞራቶሪየም›› እየተባለ የሚነሣው የራስን መቻል ክርክር ውስጥ ቄስ ጉዲና በቁጥርና በበጀት ቋንቋ ገብተውበታል። ስለ ደመወዝ ያወራሉ፤ ስለ ሠራተኛ ብዛት ያወራሉ። ከበሮ የማይመታበት ጽሑፍ ነው።

አሁን የእምቢታውን ትዕይንት ከዚህ ማስታወሻ አንጻር እንየው። የምእመናኑ ትረካ ከፍታው ላይ የሚደርሰው እዚህ ነው። እንደሚተረከው ከሆነ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ጣልቃ ገብተው ቄስ ጉዲና ከአገር እንዲወጡ መንገድ ተከፍቶ ነበር፤ እርሳቸው ግን መንጋቸውን ትተው ለመሄድ አልፈቀዱም። በገድል ሥርዓት ይህ የፈተናው ትዕይንት ነው፤ ንጉሡ ሀብት ያቀርባል፣ ሰማዕቱ ዓለምን ይንቃል። ትዕይንቱ እንዲህ ሲተረክ ያምራል፤ ከገጸ ባሕርዩ ግን አይፈልቅም፤ ከቅርጹ ነው የሚፈልቀው። ማንኛውም ሰማዕት እምቢ ይላልና። በማስታወሻው በኩል ስንመጣ ግን እምቢታው የእኚህ የአንድ ሰው እምቢታ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ከውጭ በሚመጣ ገንዘብና ሰው ላይ ተደግፋ መኖር የለባትም፣ ነገ ድጋፉ ቢነሣ በእግሯ መቆም አለባት ብሎ ለአለቃው የጻፈ ዋና ጸሐፊ ችግር ሲመጣ ራሱ ወደ ውጭ ቢወጣ የጻፈው ሁሉ ይፈርሳል። የበጀቱ ክርክርና የሞቱ ውሳኔ አንድ ክርክር ናቸው። ዓለምን ስለ ናቁ አይደለም የቀሩት፤ የጻፉትን ስለ ጻፉ ነው። የገጸ ባሕርይ ውስጣዊ ግፊት የምንለው ይህ ነው፤ በመታሰቢያ ንግግሮች ውስጥ ግን ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያሳየኝ ተናጋሪ አልገጠመኝም።

ሁለት ነገሮችን በአጭሩ አንሥቼ ልለፍ። አንደኛው የቅጽል ስም ጉዳይ ነው። ቄስ ጉዲናን ‹‹የአፍሪካ ቦንሆፈር›› ማለት ተለምዷል። ዲትሪሽ ቦንሆፈር በናዚዎች ሚያዝያ 9 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. የተሰቀለው ጀርመናዊ ሰባኪ ነው፤ እርሱም ከአሜሪካ መቅረት ሲችል ወደ አገሩ ተመልሷል። ቄስ ጉዲና በሕይወታቸው መጨረሻ ዓመት ስለ ክርስቲያን የኅብረተሰብ ኃላፊነት በጻፉት ጥናት ውስጥ የቦንሆፈር አስተሳሰብ ጥላ ይታያል፤ ስለዚህ ንጽጽሩ መሠረት የለውም አልልም። ግን ቦንሆፈር በመንግሥት ግልበጣ ሤራ ውስጥ የገባ ነው፤ ቄስ ጉዲና አልገቡም። ቦንሆፈር የመጻሕፍት ሰው ነው፤ እርሳቸው የፋይል ሰው ናቸው። ሰውን በሌላ ሰው ስም ማክበር፣ የከበረው ማን እንደ ሆነ ያጠራጥራል።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። የቄስ ጉዲና ታናሽ ወንድም ባሮ ቱምሳ ከኦሮሞ ነጻነት ግንባር መሥራቾች አንዱ ነበሩ። በምእመናኑ ትረካ ወንድምየው በጭራሽ አይታዩም፤ ገድል የሥጋ ዘመድ የሚፈልገው ለልደቱ ምዕራፍ ብቻ ነውና። በብሔር ትግል በኩል በሚነገረው ትረካ ደግሞ ወንድምየው ፊት ይወጡና ቄሱ ከኋላቸው የሚከተሉ ይሆናሉ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም የሽፋን ልብስ ትመስላለች። ሁለቱም አተራረኮች ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ወንድማማቾች ስለ ፍትሕ የተለያየ መንገድ ሲመርጡ የሚፈጠረውን ነገር ያመልጣቸዋል። እዚህ ላይ ጥሩ ልብ ወለድ ደራሲ ቢኖር ብዬ እመኛለሁ። የብዙ ብሔረሰቦች ቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ሆኖ የራስን ሕዝብ በደል ማወቅ፣ ማወቅንም በቢሮ ወንበር ላይ ይዞ መቀመጥ፣ ገድልም የትግል ታሪክም የማይሸከመው ርዕስ ነው።

ወደ ወይዘሮ ጸሐይ ቃል ስመጣ ዘርፉ ይለወጣል። ‹‹ሰማዕት›› የሚለው ቃል በግዕዝ ከ‹‹ሰምዐ›› የሚወጣ ነው፤ ሰማ። ስምዕ ምስክርነት ነው፤ ሰማዕት ምስክሮች ናቸው፤ አማርኛ ብዙውን እንደ ነጠላ ወስዶ ለተገደለ ሰው ሰጠው። ቃሉ ወደ ገዳዩ ሰይፍ ከመሄዱ በፊት ወደ ጆሮ ነበር የሚሄደው። በወንጌላውያን ዘንድ ደግሞ ምስክርነት የታወቀ የአፍ ዘርፍ ነው፤ አማኝ በጉባኤ ፊት ይቆምና በአንደኛ መደብ ‹‹እንዲህ ሆንኩ፣ እንዲህ ተደረገልኝ›› ይላል። ገድል በሦስተኛ መደብ ነው፤ የሞተውን ሌላው ይተርክለታል። ምስክርነት ግን የቆመው ሰው ነው። የወይዘሮ ጸሐይ ትረካ የዚህ ዘርፍ ልጅ ነው፤ ግን ከተለመደው ምስክርነት የሚለየው መጨረሻው ላይ ‹‹ተደረገልኝ›› ለማለት አለመቸኮሉ ነው።

እርሳቸው የሚያውቁት ያንን ሌሊት እስከ መለያያው ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አያውቁም፤ ስለዚህ አይተርኩትም። በየካቲት 1972 ዓ.ም. ራሳቸው ታሰሩ፤ ተገረፉ፤ ያለ ፍርድ አሥር ዓመት ያህል ቆዩ። ባላቸው መሞታቸውን በእርግጠኝነት ሳያውቁ መጠበቅ፣ ልጆቻቸው የት እንዳሉ እያሰቡ መጠበቅ፣ ትረካው በዚህ ላይ ይቆማል። በገድል ውስጥ ከሞቱ እስከ ዐፅሙ መገኘት ያለው ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በእርሳቸው ትረካ ግን ታሪኩ በሙሉ ያለው እዚያ ነው። ከአንድ ሰማዕት ይልቅ የአንዲት የምትጠብቅ ሴት ሰዓት ነው የሚቆጠረው። እኔ ከሦስቱ የትረካ ዓይነቶች አንዱን ምረጥ ብባል ይህንን እመርጣለሁ፤ የሚያሳዝን ስለ ሆነ አይደለም፤ ተራኪዋ የማታውቀውን ባለመሙላቷ ነው።

ይህ በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ ዘመድ የሌለው ነገር አይደለም። በዓሉ ግርማ ‹‹ኦሮማይ››ን ባሳተመ ማግስት፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከጠፋ በኋላ ዐፅሙ አልተገኘም፤ አንባቢም ለመጨረሻው ምዕራፍ ብዙ ድርሰት ፈጥሮለታል። አካሉ የሌለ ሰው መጨረሻውን ማንም ይጽፍለታል። ቄስ ጉዲና በአንድ በኩል ከበዓሉ ይሻላሉ፤ ቢያንስ መቃብር አላቸው። የተገኙበት ቦታ ግን የትኛውም ገድል ጸሐፊ ሊያቅደው የማይችል ነበር። የራስ አስራተ ካሳ ግቢ ነው፤ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ክረምት የተገደሉት በዚያው ግቢ ነው፤ ዐፅማቸውም የወጣው በዚያው ዘመን ነው። ቄስ ጉዲና በሕይወት ሳሉ ኦርቶዶክሱን፣ ካቶሊኩንና ወንጌላዊውን ያገናኘው የአብያተ ክርስቲያናት የትብብር ምክር ቤት ሊቀ መንበር ነበሩ። ሁለቱን ሰዎች አንድ ላይ የሚተርክ ጽሑፍ ግን ከሁለቱም ወገን ብዙ አይሰማም። ፓትርያርኩ የራሳቸው ተራኪዎች አሏቸው፤ ዋና ጸሐፊውም የራሳቸው። ሁለቱም ወገን የሚተርከው በአንድ ዓይነት ቅርጽ ሆኖ ሳለ አንዱ የሌላውን ሟች አያነሣም።

ለጥናት የሚፈልጉ ተማሪዎች ሥራ የሚጀምሩት፣ በእኔ ግምት፣ ከ1964ቱ ደብዳቤና ከ1967ቱ ማስታወሻ ነው። ሁለቱንም ወደ አማርኛና ወደ አፋን ኦሮሞ ሲመልሱ የመጀመሪያው ችግር የሚገጥማቸው ገና በሰላምታው ላይ ነው። በእንግሊዝኛው ዋና ጸሐፊው ለፕሬዚዳንቱ የሚጽፉት ሥልጣንን በማይለይ ተውላጠ ስም ነው። በአማርኛ ግን ‹‹አንቱ›› ወይም ‹‹እርስዎ›› ተብሎ መምረጥ ግድ ነው፤ የቀድሞ ሚኒስትር፣ የትናንት እስረኛ፣ በዕድሜ የሚበልጡ፣ የአንድ አገር ልጅ፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው። ያ ምርጫ ማስታወሻው በሙሉ በምን ድምፅ እንደሚነበብ ይወስናል።